የገረጣ ሕፃን፤ በድርቅና በሰፈራ ጊዜ ስለሚደርሱ የሕፃናት የደም ሕመሞች

በእርዳታና በማቋቋም ሥራ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

ድርቅ ሲነሣ በቅድሚያ የሚቆጠረው እህል ነው። የጎደለው ኩንታል፣ የሞተው ከብት፣ የደረቀው ምንጭና ወደ መጠለያ የወረደው ሕዝብ ብዛት በየሪፖርቱ ይሰፍራል። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ቁጥር መካከል ብዙውን ጊዜ ሳይጻፍ የሚቀር አንድ ጉድለት አለ፤ ይኸውም በሕፃናት ደም ላይ የሚደርሰው ጉድለት ነው። የራበው ሕፃን ያለቅሳል፤ ደሙ ያነሰው ሕፃን ግን ዝም ይላል። እናቱም «ይህስ ጨዋ ነው፤ አያስቸግረኝም» ትላለች። ዝምታው ግን የጨዋነት ሳይሆን የድካም ሊሆን ይችላል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ በመዝገብ ያልሰፈረ በሽታም በጀት አይገኝለትም። የዚህ ንግግር ዓላማ የደም ማነስና ሌሎች የሕፃናት የደም ሕመሞች በድርቅ በተጎዱና በሰፈራ ቦታዎች በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ከምን እንደሚመጡ፣ እንዴት እንደሚታወቁና በኃላፊዎችና በእርዳታ ሠራተኞች በኩል ምን ሊደረግ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

የደም ሥራና የደም ማነስ ትርጉም

ደምን ቀይ የሚያደርጉት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይሠራሉ፤ 120 ቀን ያህል በሰውነት ውስጥ ከተዘዋወሩ በኋላም በጣፊያና በጉበት ፈርሰው በአዲስ ይተካሉ። በውስጣቸው ሄሞግሎቢን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። ሥራው ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ ጡንቻ ማድረስ ነው። ሄሞግሎቢን ለመሥራት ብረት ያስፈልጋል፤ ሕዋሱን ለማባዛት ደግሞ ፎሊክ አሲድና ቪታሚን ቢ 12 ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ የደም ማነስ በሦስት መንገዶች ይመጣል። አንደኛው፣ መቅኔው መሥሪያ አጥቶ በቂ ደም ሳይሠራ ሲቀር ነው። ሁለተኛው፣ የተሠራው ደም ዕድሜው ሳይደርስ ሲፈርስ ነው። ሦስተኛው፣ ደሙ ከሰውነት ሲፈስ ነው። በድርቅና በሰፈራ አካባቢ ሦስቱም በአንድ ሕፃን ላይ በአንድ ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ። የችግሩ ክብደትም ከዚህ የመነጨ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያለው ሕፃን በአንድ ደሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከ10.5 ግራም በታች ከሆነ ደም አንሶታል ይባላል። ከ24 እስከ 59 ወር ላለው ወሰኑ 11 ግራም ነው። በሁለቱም ዕድሜ ከ7 ግራም በታች ከሆነ ከባድ የደም ማነስ ነው። በደጋ አገር አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ስለሚሠራ፣ የልኬቱ ውጤት እንደ ቦታው ከፍታ መታረም ይኖርበታል። ይህ ሳይደረግ ቢቀር በደጋ ያለው ችግር ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል።

በኢትዮጵያ የችግሩ ስፋት በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ታይቷል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል ደም ያነሳቸው እ.ኤ.አ. በ2005 54 በመቶ፣ በ2011 44 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 57 በመቶ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት ከክልሎች ዝቅተኛው ቁጥር በአማራ ክልል የታየው 42 በመቶ ሲሆን፣ ከፍተኛው በሶማሌ ክልል የታየው 83 በመቶ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ድርቅ ደጋግሞ በሚመታው የአርብቶ አደር አገር ከአምስት ሕፃናት አራቱ ደም አንሷቸው ነበር ማለት ነው።

አንድ ዓይነት ገጽታ፣ ልዩ ልዩ ምክንያት

ጉዳዩን ለመረዳት በአንድ የሰፈራ ጣቢያ የምዝገባ ዛፍ ሥር ሦስት ሕፃናት ተቀምጠዋል እንበል። የሦስቱም መዳፍ ነጣ ብሏል፤ የሦስቱም ከንፈር ገርጥቷል፤ ሦስቱም ለጨዋታ አይነሡም።

የመጀመሪያዋ የ10 ወር ልጅ ናት። እናቷ በረሃብ ወራት ያረገዘቻት ስትሆን፣ ከጡት ሌላ የምታገኘው ቀጭን የበቆሎ አጥሚት ብቻ ነው። ሁለተኛው የ3 ዓመት ልጅ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ከወረደ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ትኩሳት ይመጣበታል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይመለስበታል። ሦስተኛው የ6 ዓመት ልጅ ሲሆን በሰፈራው መንደር ሁለት ክረምት አሳልፏል፤ በባዶ እግሩ እርጥብ ማሳ ላይ ይውላል፤ እናቱ «አፈር ይበላል፤ ብመታውም አልተወ» ትላለች።

የመጀመሪያዋ የብረት እጥረት፣ ሁለተኛው ወባ፣ ሦስተኛው የአንጀት ትል ይዞታል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት የብረት ሽሮፕ ቢታደል፣ የመጀመሪያዋ ትድናለች። የሁለተኛው ደም ግን መፍረሱን አያቆምም፤ ሳይታከም የቆየው ወባ ሊገድለውም ይችላል። ሦስተኛው ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል፤ ትሉ እስካልወጣና ማሳው እስካልጸዳ ድረስ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንግዲህ «የደም ማነስ» የሚለው ስም የምልክት ስም እንጂ የአንድ በሽታ ስም አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የብረት እጥረት

በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ለመጀመሪያዎቹ አራት እስከ ስድስት ወራት የሚበቃው የብረት ስንቅ ይዞ ይወለዳል። እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ ደም አንሷት ከነበረ፣ ሕፃኑ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ ወይም እትብቱ እንደ ተወለደ ወዲያው ከተቆረጠ ይህ ስንቅ ይጎድላል። ስለሆነም አዋላጅዋ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆይታ እትብቱን ብትቆርጥ፣ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ሕፃኑ ከእንግዴው የሚመለስለትን ደም ያገኛል።

ከስድስት ወር በኋላ የእናት ጡት ብቻውን የብረቱን ፍላጎት አይሸፍንም። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ በቀን 11 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ከምግቡ ማግኘት አለበት። ጤፍ ብረት እንዳለው የታወቀ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ የተደረጉ ምርምሮች እንዳመለከቱት፣ በአውድማ ላይ በበሬ እየተበራየ ከአፈር ጋር የተቀላቀለው ብረት ብዛት ቢኖረውም ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን አሥሮ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ፣ እህሉ ሲበቅል ወይም ሲዘፈዘፍ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ሻይና ቡና መጠጣት ግን የብረቱን መግባት ያደናቅፋል። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ብርቱካን በቪታሚን ሲ አማካይነት ያግዙታል። ሥጋና ጉበት ጥቂትም ቢሆኑ ጥቅማቸው ከፍ ያለ ነው።

አሁን የዕርዳታው ስፍር ይመዘን። በኢትዮጵያ ለአንድ ሰው በወር የሚሰጠው የተለመደ ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። በቀን ሲታሰብ 500 ግራም እህልና 50 ግራም ጥራጥሬ ይሆናል። ይህ የአዋቂን ሆድ ይሞላል፤ ነፍስም ያቆያል። የአንድ ዓመት ሕፃን ግን ሆዱ ጠባብ በመሆኑ ከዚህ እህል የሚበላው ጥቂት ነው፤ ከሚበላውም ውስጥ ወደ ደሙ የሚገባው ብረት እጅግ ጥቂት ነው። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ተጨምሮ የሚሰጠው 4.5 ኪሎ በቪታሚንና በማዕድን የዳበረ ዱቄት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የዳበረው ዱቄት በመጓጓዣ እጥረት «በሚቀጥለው ዙር ይደርሳል» ተብሎ ሲዘገይ፣ የተቋረጠው የሕፃኑ ደም መሥሪያ መሆኑ መታወቅ አለበት። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ እንግዳ አይደለችም፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገር ውስጥ ጥናት የተዘጋጀው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነበር።

ወባና የደም መፍረስ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ደጋማ ቦታዎች 600,000 ያህል ሰዎች ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወስደው ሰፍረዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም በየክልሉ ውስጥ ሌላ የሰፈራ መርሐ ግብር ተካሂዷል። በሁለቱም ጊዜያት ከሰፋሪዎች ከፊሉ ወባ ከማይታወቅበት ደጋ ወባ ወዳለበት ቆላ ወርደዋል። በወባ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ደጋግሞ ሲታመም ከጊዜ ብዛት ከፊል መከላከያ ያዳብራል። የደጋው ሕፃን ግን ይህ የለውም። ድርቁ ያጎሳቆለው ሰውነቱ ደግሞ መቋቋሚያ የለውም።

የወባ ጥገኛ ተሕዋሲ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሕዋሱንም አፈንድቶ ይወጣል። ከሚፈነዱት ሌላ ያልተያዙ ሕዋሳትም በጣፊያ ይጠፋሉ፤ መቅኔውም በበሽታው ጊዜ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ከዚህም የተነሣ በብረት እጥረት ወራት የሚፈጀው የደም መቀነስ በወባ በቀናት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በጉበት ተደብቆ ቆይቶ እንደ ገና ስለሚያገረሽ የሕፃኑን ደም ደጋግሞ ያወርደዋል።

በኢትዮጵያ ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የበልግ ዝናብ ባለበት አካባቢም በሚያዝያና በግንቦት ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ አሥር ወራት ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበው ነበር። ስለዚህ ወባ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው ብሎ መዘናጋት አይቻልም። ትኩሳት ያለበት ወይም የገረጣ ሕፃን ሁሉ በወባ አገር የደም ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ ሕክምናውም በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

የአንጀት ትልና የደም መፍሰስ

ሁክዎርም የተባለው ትል እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል፤ በሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥም ይፈለፈላል፤ ከዚያም በባዶ እግር ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። በአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። አንዱ ዓይነት በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው ዓይነት 0.2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስፈስሳል። ይህ ሲታይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ከትንሹ ዓይነት 100 ትሎች ያሉት ሕፃን በቀን 3 ሚሊ ሊትር፣ በወር 90 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል፤ ይህም አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ያህል ነው። ክብደቱ 15 ኪሎ የሆነ ሕፃን በጠቅላላው ያለው ደም ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ በመሆኑ ጉዳቱ ግልጽ ነው።

አልቤንዳዞል የተባለው መድኃኒት ከሁለት ዓመት በላይ ላለ ሕፃን 400 ሚሊ ግራም፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላለው 200 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ዋጋው ርካሽ ነው። ሆኖም መጸዳጃ ጉድጓድ ባልተቆፈረበትና ሕፃናት ጫማ በሌላቸው መንደር መድኃኒቱ ብቻውን ትሉን ለጊዜው ያስወግደዋል እንጂ ዳግም እንዳይመለስ አያግደውም። አፈር መብላትም ብዙውን ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ስለሆነም እናቲቱ ልጁን ከመምታት ይልቅ ወደ ጤና ኬላ እንድትወስደው ሊነገራት ይገባል።

እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀልና ዋግምት የመሳሰሉት ልማዶችም በደከመ ሕፃን ላይ ሲደረጉ ከባድ የደም መፍሰስ ያስከትላሉ። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በዚህ ረገድ ሕዝቡን ቢመክሩ ከማንም የበለጠ ይሰማሉ። አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ደም የሚያረጋው ቪታሚን ኬ ስለሚያንሳቸው፣ በተወለዱ ጊዜ አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጣቸው ቪታሚን ኬ ሕይወት ያድናል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ሌሎች የደም ሕመሞች

አትክልትና ፍራፍሬ ለወራት ባልታየበት መጠለያ የቪታሚን ሲ እጥረት ይመጣል። ስኮርቪ የሚባለው ይህ በሽታ ድድ ያደማል፤ እግር ያሳብጣል፤ ሕፃኑም መራመድ ይሳነዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ ወደ ሶማሊያና ወደ ሱዳን ተሰደው በነበሩ ሰዎች መጠለያዎች ይህ በሽታ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሰዎቹ እህል ያገኙ ነበር፤ ያላገኙት ትኩስ ምግብ ነው። ለረጅም ጊዜ በተከማቸ ደረቅ እህል ብቻ መኖር ፎሊክ አሲድንም ያሳጣል፤ በዚህ ጊዜ መቅኔው ትላልቅና ደካማ ሕዋሳት ይሠራል።

በሁመራና በመተማ ቆላዎች ካላአዛር የተባለ በሽታ አለ። በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ከሁለት ሳምንት የበለጠ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ መክሳትና መገርጣት ያስከትላል፤ ሦስቱንም የደም ሕዋሳት ዓይነቶች ይቀንሳል። ካልታከመ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የታወቀው ወረርሽኝ በሽታው ከቆላው አልፎ ወደ ደጋው ጠርዝ ሊደርስ እንደሚችል አስተምሯል። ወባው ታክሞ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሕፃን ስለ ካላአዛር ሊመረመር ይገባል።

ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው የደም ኤንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናትም አሉ። ይህ በዘር የሚወረስ ሲሆን በወንዶች ላይ ይበዛል። እንዲህ ያለ ሕፃን ፕሪማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ሲወስድ፣ አንዳንዴም ባቄላ ሲበላ ደሙ በድንገት ይፈርሳል፤ ሽንቱም እንደ ኮካ ይጠቁራል። ይህ ማለት ባቄላ ከራሽን ይውጣ፣ መድኃኒቱም ይከልከል ማለት አይደለም። ሽንቱ የጠቆረ ሕፃን መድኃኒቱን አቁሞ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይላክ ማለት ነው።

ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ በኢትዮጵያ ደጋዎች እምብዛም አይገኝም፤ በሱዳን ጠረፍ ባሉ ስደተኞች መካከል ግን ሊያጋጥም ይችላል። መገርጣት ከትኩሳት፣ ከቆዳ ሥር ደም መቋጠርና ከዕጢዎች ማበጥ ጋር ሲታይ ደግሞ የደም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሕፃኑ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ አለበት።

ስለ ብረት መድኃኒት አሰጣጥ ጥንቃቄ

ከእርዳታ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ «ሁሉም ሕፃን ደም ካነሰው ለሁሉም ብረት ለምን አይታደልም?» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ ከ40 በመቶ በላይ በሆነበት አገር ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት በዓመት ለሦስት ተከታታይ ወራት በየቀኑ ጥቂት ብረት እንዲሰጥ ይመክራል። ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ።

አንደኛው ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው በዛንዚባር በፔምባ ደሴት የተደረገ ጥናት፣ ወባ በበዛበት አገር ብረትና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ ያገኙ ሕፃናት ካላገኙት ይልቅ ለከባድ ሕመምና ለሞት መጋለጣቸውን አሳይቷል። ስለሆነም በወባ አገር ብረት የሚታደለው የወባ መከላከያና ሕክምና በተሟላበት ቦታ ነው። አጎበርና የምርመራ መሣሪያ ሳይቀድሙ የብረት ካርቶን መላክ ሥራን ከመጨረሻው መጀመር ነው።

ሁለተኛው ከባድ የምግብ እጥረት ነው። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን በሕክምናው መጀመሪያ ቀናት ብረት አይሰጠውም፤ ሰውነቱ ብረቱን ማስተናገድ አይችልምና፣ ተዋሲያንም ስለሚጠቀሙበት። የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ ክብደት መጨመር ሲጀምር ብረት ያገኛል። በፓኬት የሚታደለው የለውዝ ሕክምናዊ ምግብ ብረት ስላለው፣ ይህን የሚመገብ ሕፃን ሌላ የብረት መድኃኒት አይጨመርለትም።

ደም ስለ መስጠት

ሄሞግሎቢኑ ከ4 ግራም በታች የወረደ፣ ወይም ከ4 እስከ 6 ግራም ሆኖ የሚያለከልክ ሕፃን ደም ያስፈልገዋል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ልቡ ደካማ ስለሆነ ደሙ በጥቂቱ፣ ይኸውም በኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ በዝግታ ይሰጠዋል። የሚሰጠው ደም ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጉበት በሽታና ስለ ቂጥኝ የተመረመረ መሆን አለበት። ይህ በጤና ኬላ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ በሰፈራ መንደርና በቅርቡ ሆስፒታል መካከል ያለው መንገድ፣ የመኪናው መኖርና የነዳጁ መፈቀድ የሕክምናው አካል ናቸው። ሆስፒታል ሳይደርሱ በመንገድ ላይ የሚቀሩትን ሕፃናት የሚያድን መድኃኒት በመጋዘን አይገኝም።

በኃላፊዎችና በሠራተኞች በኩል ሊደረግ የሚገባው

ከላይ ከተነገረው የሚከተሉት ተግባራት ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ቤተሰቦች ከደጋ ወደ ቆላ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ጉዞው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የወባ ወቅት ባይሆን ይመረጣል። የመኝታ አጎበር፣ የወባ መመርመሪያና መድኃኒት ከሰዎቹ በፊት በቦታው መድረስ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ በምዝገባ ጊዜ የክንድ ልኬት ሲወሰድ የሕፃኑ መዳፍም ይታይ። የሕፃኑን መዳፍ ከእናቱና ከሠራተኛው መዳፍ ጋር ማስተያየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይም አይወስድም። እናቲቱ ራሷ ደም አንሷት ሊሆን ስለሚችል ከእርሷ መዳፍ ጋር ብቻ ማስተያየት አይበቃም። መዳፉ ጥቂት የገረጣ ሕፃን በጤና ኬላ ይመርመር፤ ይታከም፤ ከ14 ቀን በኋላም ይመለስ። መዳፉ ፈጽሞ የነጣ ሕፃን ግን ዛሬውኑ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይላክ።

ሦስተኛ፣ በራሽኑ ውስጥ የሕፃናቱ የዳበረ ዱቄት ከእህሉ እኩል ግዴታ ተደርጎ ይያዝ። በየቤቱ ጓሮ ጎመን፣ ሽፈራው፣ ቃሪያና ፓፓያ እንዲተከል ዘርና ውኃ ይመደብ።

አራተኛ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከቤቱ ጋር አብሮ ይቆፈር። የትል መድኃኒት በየስድስት ወሩ ይሰጥ፤ የሕፃናት ጫማም በእርዳታ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

አምስተኛ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች በየቀኑ ብረትና ፎሊክ አሲድ እንዲያገኙ ይደረግ። የሚወለደው ሕፃን የብረት ስንቅ የሚሰነቀው በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነውና።

ስድስተኛ፣ በወርኃዊ ሪፖርት ላይ ስለ ገረጡ ሕፃናት አንድ ዓምድ ይጨመር። ስንት ታዩ፣ በስንቱ ወባ ተገኘ፣ ስንቱ ተላከ፣ ከተላኩት ስንቱ ደረሰ የሚሉት አራት ቁጥሮች ኃላፊው በየትኛው መንደር አጎበር፣ በየትኛው ዱቄት፣ በየትኛው መኪና እንደሚያስፈልግ ያሳዩታል።

ክቡራን ተሰብሳቢዎች፤

ከእነዚህ ተግባራት አብዛኛዎቹ ሊቅ ሐኪም አይጠይቁም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መጋዘን ጠባቂው፣ ሾፌሩ፣ መዝጋቢውና የጣቢያው ኃላፊ እያንዳንዳቸው ከሕፃኑ ደም አንዱን ድርሻ ይይዛሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው የአባቶች ምክር ከምንም ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ይሠራል። የብረት እጥረት ገና በወራት የሚቆጠር ሳለ፣ ወባውም በጀመረበት ቀን ሲታከም ውጤቱ የተረጋገጠ ነው። በአንድ የሕፃንነት ዘመን የጎደለው የአንጎል ዕድገት ግን በኋላ በሚመጣ መልካም ምርት ሁሉ ተመልሶ አይገኝም።

ደሙ የተመለሰለት ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ልውረድ ይላል፤ ያለቅሳል፤ ያስቸግራል። በሰፈራ ጣቢያ የሚደረገው ሥራ መልካም መሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው።